«ባለቤቱ ያውቃል?»

ይህችን ጥያቄ የጠየቀኝ አንድ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነው። ጥያቄዋ አጭር ናት፤ እሱም የጠየቀኝ ማርሽ እየቀየረ፣ ፊቱን እንኳ ወደ እኔ ሳያዞር ነበር። እኔ ግን መልሷን ፍለጋ ከአዋሽ ሰባት ኪሎ እስከ ሰመራ፣ ከሰመራም ወዲህ እነሆ እስከ ዛሬ ስባዝን አለሁ። አንባቢ ሆይ፣ ነገሩን ከመነሻው ላጫውትህ።

በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ለአንድ አጭር የጽሑፍ ሥራ ወደ ሰመራ መሄድ ነበረብኝ። በግሉ እየጻፈ የሚኖር ሰው እንደሚያውቀው፣ ሥራው ሲገኝ አበሉ የለም፤ አበሉ ሲገኝ ሥራው የለም። ስለዚህ እስከ አዋሽ በአውቶቡስ ሄጄ አደርሁና በማግሥቱ በአንድ ወዳጄ አማላጅነት ከከባድ መኪና ጋቢና ውስጥ ቦታ አገኘሁ።

አዋሽ ባደርሁበት ሆቴል ግቢ ውስጥ አንድ ወጣት በኪቦርድ ታጅቦ ይዘፍን ነበር። የሚዘፍነው የጥላሁን ገሠሠን ዘፈኖች ነው። ድምፁን ብቻ ሳይሆን ትንፋሹን፣ የእጁን አወራወር፣ የአንገቱን አጣጣል ሳይቀር ተክኖበታል። ዐይኑን ለጨፈነ ሰው ጥላሁን ከመቃብር የተመለሰ ይመስላል። አንድ ሞቅ ያለው እንግዳ ተነሥቶ ከወጣቱ ግንባር ላይ ብር ለጠፈና «ጥላሁን፣ ነፍስህን ይማረው!» አለ። ወጣቱ እጅ ነሣ። ብሩ የወጣቱ ሆነ፤ ምስጋናው ግን ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. ያረፈው ሰው ሆነ። አስተናጋጇን ስሙ ማን እንደሆነ ጠየቅኋት። «እኛ ጥላሁን ነው የምንለው» አለችኝ። ሳቅሁ። ሳቁ ግን አልጣመኝም።

ማለዳ ጉዟችንን ጀመርን። መንገዱ ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ግራና ቀኙ ሜዳና ቁጥቋጦ፣ አልፎ አልፎም የግመል መንጋ ነው፤ ከፊትም ከኋላም የከባድ መኪና ሰልፍ አለ። ሾፌሩ ዕድሜው ወደ ስድሳ የተጠጋ፣ ቀልደኛ ሰው ነው። ገና ከከተማ ሳንወጣ ውል አስገባኝ፤ «አንድ ሰዓት የኔን ሙዚቃ፣ አንድ ሰዓት ያንተን» አለኝ። የእሱ የታወቀ ነው፤ ጥላሁን፣ ማሕሙድ፣ ብዙነሽ። የእኔ ደግሞ አዲስ አበባ ያለ የድምፅ ባለሙያ ወዳጄ «ለመንገድህ» ብሎ በፍላሽ የሞላልኝ ሁለት አልበም ነበር። አንደኛው የጃኖ ባንድ «ኤርታሌ» ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ፕሮዲዩስ አድርጎት የወጣ፣ የሮክ ጊታርን ከእኛ ቅኝት ጋር ያጋባ ሥራ ነው። ሁለተኛው «ኔቲቪቲ ኢን ብላክ» የተባለ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ የመታሰቢያ አልበም ነው። በውስጡ ያሉት ሁሉ የአንድ ባንድ ዘፈኖች ናቸው፤ የሚዘፍኗቸው ግን ሌሎች ናቸው።

የዘፈኖቹ ባለቤት ብላክ ሳባዝ ይባላል። ከእንግሊዟ የፋብሪካ ከተማ ከበርሚንግሃም የተነሡ አራት የሠራተኛ ልጆች ያቋቋሙት፣ የመጀመሪያ አልበሙን እ.ኤ.አ. በ1970 ያወጣና ሄቪ ሜታል ለሚባለው ሙዚቃ አባት ነው ተብሎ የሚቆጠር ባንድ ነው። በመታሰቢያው አልበም ላይ አሜሪካኖቹ ሜጋዴዞች፣ ብራዚሎቹ ሴፑልቱራዎች፣ የአይረን ሜይደኑ ብሩስ ዲኪንሰንና ሌሎችም ተራ በተራ ይነሡና የአባታቸውን ዘፈን በየራሳቸው አፍ ይጫወቱታል።

ሾፌሩ ሁለት ዘፈን ያህል ታገሠ። ሦስተኛው ላይ፣

«ይኼ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው የሚጮኸው?» አለኝ።

«የሰው ዘፈን እየዘፈነ ነው ጋሼ።»

«የማንን?»

«የታላላቆቹን። ለክብራቸው ብሎ ነው።»

ጥቂት ዝም አለና ማርሽ ቀየረ። ከዚያ ነው፣ «ባለቤቱ ያውቃል?» ያለኝ።

እንደ ዕድል ሆኖ ለዚህ መልስ ነበረኝ። ያውቃል! እንዲያውም ከዘፈኖቹ በአንደኛው ላይ የባንዱ ድምፃዊ ኦዚ ኦዝቦርን ራሱ ቴራፒ ከተባሉት የአየርላንድ ወጣቶች ጋር ሆኖ የገዛ ዘፈኑን መልሶ ይዘፍናል። በሌላው ላይ ቤዝ ተጫዋቹ ጊዘር በትለርና ድራመሩ ቢል ዋርድ ከጁዳስ ፕሪስቱ ሮብ ሃልፎርድ ጋር ይጫወታሉ። ይህን ስነግረው ሾፌሩ ከት ብሎ ሳቀ። «እነሱ ራሳቸው ካሉማ ልጆቹን ምን አደከማቸው?»

ሳቁ ሲበርድ ሌላም ነገርሁት። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 5 ቀን 2025 አራቱ ሰዎች በተወለዱበት ከተማ፣ ቪላ ፓርክ በተባለው የእግር ኳስ ሜዳ ለመጨረሻ ጊዜ ተገናኙ። ቀኑን ሙሉ እነ ሜታሊካና ጋንስ ኤንድ ሮዝስን የመሰሉ ስመ ጥር ባንዶች እየተፈራረቁ ወጡና ከራሳቸው ዘፈን ጋር የሽማግሌዎቹንም ዘፈን ተጫወቱላቸው። ኦዚ በፓርኪንሰን በሽታ ቆሞ መዝፈን ስላልቻለ ዙፋን በሚመስል ወንበር ላይ ተቀምጦ ዘፈነ። ከዚያ በኋላ የኖረው 17 ቀን ነው። ሰው በቁሙ ሳለ ተዝካሩን አየ ማለት ይቻላል።

ሾፌሩ ራሱን ነቀነቀ። «ይኼ ጥሩ ነው። እኛ አገር ሰውዬው ካልሞተ ማን ያስታውሰዋል?» አለ። ቀጠለና ደግሞ፣ «ከሞተስ? ያን ጊዜ ማን ነው የሚጠየቀው?» አለኝ። መልስ አልጠበቀም። የእሱ ሰዓት ደርሶ ነበርና ጥላሁንን ከፈተ።

ለመሆኑ ማን ነው የሚጠየቀው?

ሕግ የራሱ መልስ አለው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የአንድ ሥራ ባለቤትነት አመንጪው በሕይወት ሳለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል ይላል። ስለዚህ ለሞተ ሰው ወራሽ ይጠየቃል። ነገር ግን የሾፌሩ ጥያቄ የሕግ አልመሰለኝም። ሕግ የሚጠብቀው ገንዘቡንና ስሙን ነው፤ ሾፌሩ የጠየቀው ስለ ነውር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተከራካሪ ሊነሣብኝ ይችላል። «በእኛ ባህል ዜማ መቼ ባለቤት ነበረው? ትዝታን ማን ደረሰው? አምባሰልን፣ አንቺ ሆዬን የሚያስፈቅድ አለ? ባቲን ለመዝፈን የባቲን ገበያተኛ እናስፈቅድ?» ይለኛል። እውነት አለው። ባቲ ከተማ አፋሩም ኦሮሞውም አማራውም የሚገናኙባት ገበያ ናት፤ ስሟን የያዘው ቅኝትም እንደዚያው የሁሉ ነው። አዋሽንም እንይ። ከጊንጪ አካባቢ ይነሣና ወንጂን፣ መተሐራን አጠጥቶ፣ አፋርን አቋርጦ፣ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። በመንገዱ ያለ ሁሉ ይቀዳዋል፤ ማንም የኔ ነው አይለውም። ነገር ግን ወንዙ የጋራ ነው ማለት እንስራው የጋራ ነው ማለት አይደለም። ከወንዝ ቀድታ፣ በጀርባዋ አዝላ፣ ዳገት የወጣች ሴት ውኃዋን ከደጃፏ ብትሰረቅ፣ «ምን አለበት፣ የአዋሽ ውኃ ነው» ቢሏት ትስማማለች?

የብላክ ሳባዙ ጊታር መቺ ቶኒ አዮሚ እንስራውን እንዴት እንደተሸከመ ልንገርህ። በ17 ዓመቱ ብረት በሚቆረጥበት ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ሥራውን ሊለቅ በመጨረሻው ቀን ማሽን የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ ቆረጠው። ግራኝ ስለሆነ ክሩን የሚጫነው በዚያው በቀኝ እጁ ነው። ተስፋ ቆርጦ ሳለ አለቃው የነበረ ሰው የጃንጎ ራይንሃርትን ሸክላ አሰማው። ጃንጎ ከእሳት አደጋ በተረፈ እጁ፣ በሁለት ጣት የሚጫወት ጊታሪስት ነበር። አዮሚ ይህን ሰምቶ ተነሣ። ፕላስቲክ አቅልጦ ለቆረጡት ጣቶቹ ጫፍ ሠራላቸው፤ ክሮቹንም ቀጫጭን አደረጋቸው፤ በኋላም እንዳያሙት አላላቸው። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ያ የከበደ፣ የወረደ ድምፅ ከዚህ ቁስል ጋር የተያያዘ ነው።

እንግዲህ አሥር ጣት ያለው ሁሉ ያንን ድምፅ ሊያወጣ ይችላል፤ ቁስሉን ግን ሊወስድ አይችልም። ሊወስድም አይገባውም። ለዚህ ይመስለኛል ከመታሰቢያው አልበም ሴፑልቱራዎቹን አብልጬ የወደድኋቸው። የበርሚንግሃም ልጆች ነን አይሉም። ዘፈኑን ተቀብለው በራሳቸው ጉልበትና በራሳቸው ጩኸት ይጫወቱታል። የተቀበሉት ነገር ይሰማል፤ እነሱም ይሰማሉ።

የእኛም አገር ምሳሌ አለን። ጌታቸው መኩሪያ የአባቶቹን ሽለላና ፉከራ ከሰው ጉሮሮ አውጥቶ በሳክስፎን አስፎከረው። እ.ኤ.አ. በ2004 ሆላንድ ሄዶ ዘ ኤክስ የተባሉትን የፓንክ ሮክ ተጫዋቾች ሲሰማ ሰባ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ሰው ነበር። ጩኸታቸው አላስደነገጠውም፤ አጅቡኝ ያላቸው ራሱ ነው። በ2006 «ሞአ አንበሳ» የተሰኘውን አልበም አብረው አወጡ። ጌታቸው መጋቢት 26 ቀን 2008 ዓ.ም. አረፈ። እዚያ አልበም ላይ ሆላንዶቹ ሐበሻ ለመምሰል አይሞክሩም፤ ሽማግሌውም ፓንክ ለመምሰል አይሞክርም። ባለቤቱ ያውቃል ብቻ ሳይሆን ባለቤቱ ጠርቷቸዋል።

እስከዚህ ድረስ እንደ ዳኛ ሳወራ ቆየሁ። አሁን ግን ምላሴ ያጥራል። የሾፌሩ ጥያቄ የወጋኝ በሙዚቃ ምክንያት አይደለምና።

የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን ይዤ በወጣሁ ሰሞን አንድ ጡረታ የወጡ መምህር አውቅ ነበር። በወጣትነታቸው በየመጽሔቱ ይጽፉ የነበሩ፣ ከዚያ ብዕራቸውን ያስቀመጡ ሰው ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ፒያሳ ቡና ይጋብዙኛል፤ እኔ እጠይቃለሁ፣ እሳቸው ያወራሉ። አንድ ቀን በሞት ስለተለየ ዘፋኝ ስናወራ፣ «ልጄ፣ ዘፋኝ ሲሞት ድምፁ አይሞትም፤ የሚሞተው እሱን እንሰማበት የነበረው ጆሯችን ነው» አሉኝ። ሳምንት ሳይሞላ ስለዚያው ዘፋኝ ጽሑፍ ታዘዝሁ። መክፈቻዬ ያቺ ዓረፍተ ነገር ሆነች። ስማቸውን አልጠራሁም። ጽሑፉ ተወደደልኝ፤ የተወደደው ግን ሌላው አይደለም፣ መክፈቻው ነው።

መምህሩ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ጽሑፍህን አነበብሁት፤ ደስ ይላል። ያቺን መክፈቻህን ከየት አመጣሃት?» አሉኝ። በቁጣ አልነበረም። በሩን ከፍተው ግባ እንደማለት ነበር። እኔ ግን፣ «እንዲሁ መጣችልኝ ጋሼ» አልሁ። ጥቂት ዝም አሉና «እንኳን መጣችልህ» አሉኝ። ከዚያ በኋላም ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና ይጋብዙኝ ነበር፤ ነገሩን አንድም ቀን አላነሡብኝም። ቢያነሡብኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሦስት ዓመት በኋላ አረፉ። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ አጠገቤ የነበረ ሰው፣ «አንተ እንዳልኸው ነው እንግዲህ፤ የሚሞተው ጆሯችን ነው» አለኝ። ሊያጽናናኝ ፈልጎ ነው። የመምህሩ ልጅ ውኃ እያደለች በዚያው ታልፍ ነበር። ቀና አልሁ፤ ተያየን። ዝም አልሁ።

ይህን ለሾፌሩ አልነገርሁትም። ከሰዓት በኋላ ሎጊያን አልፈን ሰመራ ስንደርስ ቦርሳዬን አቀበለኝና «በል ጋዜጠኛው፣ ጩኸትህን ይዘህ ውረድ» ብሎኝ ወደ ጅቡቲ አቀና።

ሰመራ ላይ የተቀበለኝ የአካባቢው ተወላጅ አፋር ነው። በማግሥቱ ጥላ ሥር ተቀምጠን ሻይ ስንጠጣ ከአሳይታ በኩል የመጣ አንድ ሰው ደረሰ። ተጨባበጡ፣ እጅ ለእጅ ተሳሳሙ፤ ከዚያ ሻዩም እኔም ተረሳን። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው በየመሐሉ እየመለሰ ያዳምጣል፤ ከዚያ ተራው ይለወጣል። ጨርሰው እንግዳው ሲሄድ ምን እንደነበረ ጠየቅሁ። «ዳጉ ነው» አለኝ አስተናጋጄ።

ስለ ዳጉ በትምህርት ቤት ተምሬ ነበር። አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ያዩትንና የሰሙትን ሁሉ የሚለዋወጡበት ጥንታዊ የወሬ መረብ ነው፤ ስለ ግጦሹ፣ ስለ ውኃው፣ ስለ ሰላሙ፣ ስለ ሞተውና ስለ ተወለደው። በዳጉ መዋሸት በጎሳ ያስጠይቃል። ያልተማርሁት ግን ሰውየው በዚያን ቀን ያብራራልኝን ነው። «በዐይኔ ያየሁትን አየሁ እላለሁ። የሰሙትን ሰዎች ወሬ ሳመጣ ከእገሌ ሰማሁ እላለሁ። ሁለቱን ከቀላቀልሁ ከብት ይዞ ወደ ውኃ የሚሄደው ሰው በኔ ምክንያት ይሞታል» አለኝ።

«ማን እንደነገረህ ብትረሳስ?» አልሁት።

«እሱ ወሬ ነው፤ ዳጉ አይደለም።»

ስለ ኤርታሌ አልበም ነግሬ ጥቂት አሰማሁት። ስሙ በአፋርኛ የሚጨስ ተራራ ማለት መሆኑን አጫውቶኝ፣ ጊታሩን በፈገግታ አዳመጠ። «ተራራውን ሳያስፈቅዱ ስሙን ወሰዱ ልበል?» ብዬ ብቀልድ፣ «ስሙንማ ጠርተውታል፤ ተራራ የሚቀየመው ስሙን ሲቀይሩበት ነው» አለኝ።

ያን ሌሊት ሙቀቱ እንቅልፍ ነሣኝና ሁሉን አንድ ላይ አሰብሁት። ዳጉ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ጆሮህ ምን ሰማ፣ ዐይንህ ምን አየ። የአዋሹ ወጣት የሰማውን ሳያጓድል ያደርሳል፤ ያየው ነገር ግን የለም፣ ወይም አለኝ ለማለት አልደፈረም። ስለዚህ ባለቤቱን አክብሮ ራሱን አጠፋ። የገዛ ስሙን እንኳ አጥቷል። እኔ ደግሞ በጆሮዬ የሰማሁትን በዐይኔ አየሁ አልሁ። ራሴን አክብሬ ባለቤቱን አጠፋሁ። የሁለታችንም ዳጉ ግማሽ ነው። ልዩነቱ፣ የእሱ ጉዳት በራሱ ላይ መሆኑ ነው።

የሰውን ዘፈን መዝፈን፣ የሰውን ሐሳብ ማሰብ ነውር አይደለም። ያለዚያ ማንም አፉን አይከፍትም ነበር። አዮሚም ያለ ጃንጎ ሸክላ፣ ጌታቸውም ያለ አባቶቹ ሽለላ አይገኙም። እንዳለ መድገምም ሆነ ለውጦ መዝፈን ለብቻው ክብርም ስርቆትም አይሆንም፤ ዳጉ ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ አንዱ ፈጥኖ፣ አንዱ አዝግሞ ይናገረዋል፣ መንገዱ ግን አይቆረጥም። ነውሩ መንገዱን መቁረጥ ነው። ከእኔ በኋላ ያቺን ዓረፍተ ነገር የሰማ ሁሉ ወደ መምህሩ የሚመለስበትን መንገድ ቆርጬበታለሁ። ብዙ የሚያስተምሩት ነገር ነበራቸው፤ ማንም ግን ፈልጎ አልሄደባቸውም፤ ቃላቸው የኔ ናትና።

ጠዋት ላይ ለልጃቸው ደወልሁ። ቁጥሯን ለዓመታት ይዤው ነበር። ሁሉንም ነገርኋት። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም።

«ለቅሶው ላይ ሰምቼሃለሁ» አለችኝ። «ዝም ስትል።»

በሚቀጥለው ጽሑፌ የአባቷን ስም ጠርቼ እውነቱን መጻፍ እንደምፈልግ ነገርኋት። የምታመሰግነኝ መስሎኝ ነበር፤ ሞኝነቴ!

«አሁን ደግሞ በስሙ ጽሑፍ ልታሳምር ነው?» አለች። «መጀመሪያ ያንን የድሮውን ጽሑፍህን አምጣልኝ። እናቴም ታንብበው። ስሙን መጻፍ አለመጻፍህን ከዚያ በኋላ እናወራለን።»

ልክ ናት። ባለቤቱ ሲሞት የሚጠየቅ ሰው አለ፤ የሚጠየቀውም ጽሑፉ ከታተመ በኋላ አይደለም። ስለዚህ ይህ መጣጥፍ የመምህሩ ስም ሳይኖርበት ወጥቷል። በዚህ ቅዳሜ ያረጀውን ጋዜጣ ይዤ ወደ ቤታቸው እሄዳለሁ። እስከዚያው ድረስ ግን አንድ ነገር ይታወቅልኝ፤ የሚሞተው ጆሯችን ነው ያልሁት እኔ አይደለሁም፤ ከሰው ሰምቼ ነው።